ለተሰነጠቀ ግራናይት ሁሉ አዲስ አይገዛም

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ቁርስ ቤት አለኝ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ እዚህ ሰፈር ቤቱን ያላደሰ የለም ማለት ይቻላል። የሚያድሰው ሰው ሁሉ ደግሞ ደህናውንም አብሮ ነው የሚጥለው። እናንተም ስለ ግንባታ ስትጽፉ ስለ አዲስ ዕቃ እንጂ ያለውን ስለ መጠገን ብዙም አታነሱም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እሱ ነው።

ጋዝ የሚያመጣልን ልጅ ሙሉ ሲሊንደር ተሸክሞ ገባና የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ላቫንዲኖው ፊት ያለችው ቀጭን ግራናይት ላይ ዘጭ አደረገው። ድንጋዩ ከጠርዙ እስከ ላቫንዲኖው ቀዳዳ ተሰነጠቀ። ከጠርዙም ትንሽ ስባሪ ወደቀች። ያቺ ቦታ ድሮም ደካማ ናት። ለላቫንዲኖው ሲቆረጥ ከፊት የሚተርፈው አራት ጣት ቢሆን ነው። ግራናይት ሥሩ ከተደገፈ የጫኑበትን ይችላል። ሥሩ ባዶ ሆኖ ሲመታ ግን ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል።

ባለሙያ ጠራሁ። ገና በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ይሄማ አለቀለት። ሙሉውን መቀየር ነው» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ሥሩን እንኳ አላየም፤ ሜትሩን ለማውጣት ግን ማን ብሎት! አልፈርድበትም፣ እንጀራው ድንጋይ መሸጡ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ካቢኔቱን ከፍተው በስልካቸው መብራት ሥር ሥሩን አዩ። ከዚያ ጥፍራቸውን በስንጥቁ ላይ አሻገሩት። «ጥፍር ከያዘ ስንጥቅ ነው። ካልያዘ የድንጋዩ የተፈጥሮ መስመር ሊሆን ይችላል» አሉኝ። የኔው ያዘ። ቀጥለው ግራና ቀኙን በመዳፋቸው ተጫኑት። አልተነቃነቀም። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ አላለም። ከሥር ያለው ኮምፖርሳቶም ደረቅ ነው። «ይጠገናል» አሉ።

መጀመሪያ እንዲደርቅ ተውት፤ ስንጥቅ ውስጥ ውሃ ካለ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም። ከዚያ በአሴቶን ጠረጉት። ኢፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ ከማድረቂያው ጋር ቀላቅለው፣ የግራናይት ብናኝና ትንሽ ጥቁር ቀለም ጨምረው ለወሱት። ስንጥቁን ከድንጋዩ ፊት ትንሽ ከፍ እስኪል ሞሉትና ሲደርቅ ትርፉን በምላጭ ላጩት። ስባሪዋም ተጠርጋ ሳትጣል ስለደረስኩባት ቦታዋ ላይ መለሷት። ከሥር አንግል ብረት ደገፉበት። እንደ አዲስ ሆነ አልልም፤ ብርሃን ሲያርፍበት መስመሩ ይታያል። ደንበኞቼ ግን የሚመጡት ለፍርፍሩ ነው። የከፈልኩት ለአዲሱ ከተጠየቅኩት ሩብ አይሞላም።

አዲሱ ደግሞ በድንጋዩ ዋጋ ብቻ አያበቃም። ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ሜትር 80 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እሱን የሚሸከም ሰው ይከፈለዋል። አሮጌው ሲነሳ የግድግዳው ሴራሚክ አብሮ ይሰበራል። ግማሹን ብቻ ልቀይር ብትሉ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም ከሌላ ቦታ የወጣ ድንጋይ መልኩ አይገጥምም። ቤቱ ተዘግቶ የሚቀረው ገበያ ሳይቆጠር ነው ይሄ ሁሉ።

ሁሉም ይጠገናል ማለቴ አይደለም። ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ዘልቆ ሲጫኑት የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ወይም ድንጋዩ ከብዙ ቦታ ከተሰባበረ፣ መቀየር ነው። ካቢኔቱ በውሃ በስብሶ ከጎበጠ ግን አስቀድማችሁ እንጨቱን አሠሩ። አለዚያ አዲሱም ይሰነጠቃል።

እብነ በረድ ያላችሁ ሰዎች ነገራችሁ ለየት ይላል። ሎሚና ኮምጣጤ እብነ በረድን ይበላዋል። ያ የደበዘዘ ምልክት በሳሙና ቢታሽ አይለቅም፤ ቆሻሻ ሳይሆን የድንጋዩ ፊት ተበልቶ ነው። ለእሱ መድኃኒቱ መወልወል ነው፣ መቀየር አይደለም። ስንጥቅ ላይ ነጭ ሲሚንቶ የምትለቀልቁትንም ተዉ እላለሁ። ወዲያው ይረግፋል፣ ከረገፈ በኋላም ኢፖክሲው የሚይዝበትን ቦታ ያበላሻል። የፋሲል ግንብ እየተጠገነ ዘመን በተሻገረበት ከተማ፣ የማድ ቤት ድንጋይ መጠገን እንዴት እንደ ድህነት ተቆጠረ?

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ባለሙያ አነጋግራችሁ የጥገናውን ነገር በደንብ እንድትጽፉበት ነው። ስትጽፉ አቧራውን አትርሱ። እዚህ መንገድ ዳር ግራናይት በደረቁ ሲቆርጡ አያለሁ፤ ልጆቹ ነጭ አቧራ ለብሰው ይውላሉ። ግራናይት ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ መዳኛ የለውም። አውስትራሊያ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሊኖረው የሚችለውን ፋብሪካ ሠራሽ የጠረጴዛ ድንጋይ በ2024 እ.ኤ.አ. የከለከለችው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። አዲስ የምታስቆርጡ ሰዎች፣ ውሃ እያፈሰሱና ደህና ማስክ አድርገው እንዲቆርጡ ንገሯቸው። ውሃውን ከቤታችሁ ስጧቸው።

የቁርስ ቤት ባለቤት
ከፒያሳ፣ ጎንደር