የከፈልኩበት ፎር ኬ የታለ?

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ቲቪ ቦክሱን ተቀብላችሁ ገንዘቤን እንድትመልሱልኝ ስለመጠየቅ

ከሱቃችሁ ቲቪ ቦክስ፣ ማለትም ከቲቪ ጋር ተገናኝቶ የኢንተርኔት ፊልም የሚያሳይ ዕቃ ገዝቻለሁ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ የፊልም ፓኬጁንም እናንተው ብሩን ተቀብላችሁ አስጀምራችሁልኛል። ያውም ውዱን፣ ፎር ኬ የሚባለውን በጣም የጠራ ምስል የሚያሳየውን። ሻጩ ልጅ ሱቅ ውስጥ ባለ አዲስ ቲቪ ላይ ከፍቶ አሳየኝና "እህቴ፣ ምንም አታስቢ፣ ቲቪሽ ፎር ኬ ከሆነ አለቀ" አለኝ። ቲቪዬ ፎር ኬ ነው። ቦክሱም ፎር ኬ ነው። ፊልሙን ግን እስካሁን በፎር ኬ አላየሁትም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ፊልም ስከፍት ምስሉ 1080 ወደሚባለው ዝቅተኛ ጥራት ይወርዳል። በነጥብ ብዛት ካሰብነው ከከፈልኩበት ሩቡ ማለት ነው። በኪራይ የሚታዩት አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ አይከፈቱም፤ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና የስህተት መልእክት ይመጣል። የቦክሱን ሴቲንግ ገብቼ ሳይ፣ ስለ ስክሪኑ በሚናገረው ገጽ ታች አንዲት መስመር አገኘሁ፦ "ኤችዲሲፒ 1.4"። ጉዱ እዚያ ነው ያለው።

ሠራተኞቻችሁ ስላላወቁት ልጻፈው። ኤችዲሲፒ ፊልሙ ቦክሱን ከቲቪው በሚያገናኘው በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲያልፍ እንዳይቀዳ የሚቆልፍ ሥርዓት ነው። 1.4ን የሚጨምረው የድሮው ሥርዓት ዋና ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ሥርዓቱን የሠራው ኢንቴልም ቁልፉ እውነተኛ መሆኑን አመነ። አሁን የፎር ኬ ፊልም ባለቤቶች የሚጠይቁት 2.2 የሚባለውን ነው። እሱ ለኤችዲኤምአይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ወንድሜ ከዱባይ ያመጣልኝ ቲቪም የዚያው ዓመት ሥሪት ስለሆነ አልደረሰበትም። ቦክሱ ፊልሙን ከመልቀቁ በፊት ቲቪውን "2.2 አለህ?" ይለዋል። የለውም። ያኔ ወይ ጥራቱን ያወርድበታል፣ ወይ ይዘጋበታል። በቦክሱና በቲቪው መሃል ሳውንድባር (ድምፅ ማጉያ) ያለው ሰው ደግሞ ሳውንድባሩም 2.2 ሊኖረው ይገባል።

ቲቪው አልተበላሸም። በስልክ የቀረጽኩትን የፎር ኬ ቪዲዮ ከላፕቶፕ በዚያው ኤችዲኤምአይ ስልከው በሴኮንድ 30 ፍሬም ጥርት ብሎ ያሳያል። የእናቴ የነጠላ ጥለት ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። 3840 በ2160 ነጥብ የሚያሳይ ስክሪን አለኝ። የከለከለው መቆለፊያው ነው።

ቅሬታዬን ይዤ ስመጣ የተሰጠኝ መልስ ይባስ አናደደኝ። መጀመሪያ "ገመዱ ነው" ተብሎ ውድ ገመድ ተሸጠልኝ። ገመድ የኤችዲሲፒን ቁጥር አይቀይርም። ቀጥሎ "አፕዴት አድርጊው" ተባልኩ። ቦክሱን አደረግኩ፣ ቲቪው ግን የጎደለው በውስጡ መኖር የነበረበት ቺፕ ነው። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መቆለፊያውን የምትበላ ትንሽ ዕቃ አለች፣ ላምጣልሽ?" አለኝ። አልፈልግም! እንዲያ ከሆነማ ሰፈር ውስጥ ፊልም ፍላሽ ላይ የሚጭን ልጅ መች ጠፋ? በጥቂት ብር የተጫነው ፊልም ያለ ምንም ጥያቄ ይታያል። በሕጋዊ መንገድ የከፈልኩት እኔ ነኝ ጥቁር ስክሪን ላይ የማፈጠው። ይሄ የእናንተ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የእናንተ ጥፋት ሳትጠይቁ መሸጣችሁ ነው። ካርቶኑ ፊት ላይ "ፎር ኬ" በወርቃማ ፊደል ደምቋል። ሥሩን ገልብጣችሁ ከባርኮዱ አጠገብ እዩ፤ ጉንዳን በምታክል ግራጫ ጽሑፍ "2.2 ያለው ስክሪን ያስፈልጋል" የሚል አለ። ያን መስመር ማንበብ የነበረበት ሻጩ ነው። "ቲቪሽ የስንት ዓመተ ምህረት ነው?" ቢለኝ በቂ ነበር።

ደረሰኙ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ማኅተም እንዳለ አይቻለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። እኔ ያገኘሁት መረጃ "አለቀ" የሚል ነው።

ስለዚህ ቦክሱንና ያለ ጥቅም የተሸጠልኝን ገመድ ተቀብላችሁ ገንዘቤን መልሱልኝ። ፓኬጁን ማቆም ካልተቻለ ወደ ርካሹ ቀይሩልኝና ልዩነቱን ስጡኝ፤ 1080 ለማየት የፎር ኬ ዋጋ አልከፍልም። አዲስ ቲቪ በቅናሽ እንሽጥልሽ የሚለውን ሐሳብ ግን እባካችሁ ተዉት። ቦክሱ ከነካርቶኑ አለ፣ የደረሰኙን ኮፒ አያይዣለሁ። ስልኬ እሱ ላይ ስላለ ደውሉልኝ፤ ውሳኔያችሁን ግን በጽሑፍ ነው የምፈልገው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ