ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ ስልጠናው ይቅርብንና ባንኮኒውን እዩልን

ይድረስ በክልሉ ጤና ቢሮ መድኃኒት ቤቶችን ለምትቆጣጠሩ

ሰላም ብያለሁ ከደሴ። የሶስተኛ አመት ተማሪ ነኝ፣ ትምህርቴ ከጤና ጋር አይገናኝም፣ ግን ዶርማችን ውስጥ እኛ "ፋርማሲው" የምንለው አንድ ሎከር አለ፣ የተጋመሰ አሞክሳሲሊን፣ ሁለት ፍሬ የቀረው ሲፕሮ፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ ዶክሲሳይክሊን፣ አንቲባዮቲክ (የባክቴሪያ መድኃኒት) የተባለው ሁሉ እዛ ነው ያለው። አንዱን ጉሮሮውን ካመመው ሌላው ይወረውርለታል። የጦሳ ተራራን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከጥቅምት በኋላ የማይስል ሰው ያለበት ዶርም ፈልጋችሁ አታገኙም።

ባለፈው እኔም ጉንፋን ያዘኝና አሞክሳሲሊን ልገዛ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ስሙን አልፅፍም፣ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ደብዳቤም አልፅፍም ነበር። ልጁ ማዘዣ አለህ ወይ አላለኝ፣ ምንህን አመመህም አላለኝ፣ "ስንት ላድርግልህ?" ነው ያለኝ፣ እንደ ቲማቲም። ብር ስላጠረኝ ስድስት ፍሬ አልኩት፣ በመቀስ ቆርጦ "አብሽር ይሻልሃል" ብሎ ሰጠኝ። አራቱን ዋጥኩ፣ ተሻለኝ፣ ሁለቱን ሎከር ውስጥ ከተትኩ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይነካም፣ ዝንጅብል በማር ጠጥቼ ብተኛም በዛው ቀን ይሻለኝ ነበር።

ተማሪው ስለማያውቅ ነው እንዳትሉ። አብሮን የሚኖር የጤና ተማሪ አለ፣ ይሄን ቫይረስና ባክቴሪያ የሚባለውን ያስረዳን እሱ ነው፣ ያስረዳን ግን ሎከሩን ከፍቶ አንድ ፍሬ በውሃ እያወራረደ ነው። ስንስቅበት "ነገ ፈተና አለብኝ፣ ክሊኒክ ተሰልፌ ግማሽ ቀን አላቃጥልም" አለ። ምን ትሉታላችሁ?

እርግጥ ተጣሞ የሚታወቅ ነገርም አለ። "አሞክሳሲሊንን ሰውነቴ ለምዶታል" ብሎ ከበድ ወዳለው የሚዘል ብዙ ነው። የሚለምደው ግን ሰውነታችን ሳይሆን ባክቴሪያው ነው፣ ደካማው ይሞትና መድኃኒቱን የቻለው ተርፎ ይራባል፣ እሱ ደግሞ እኔ ጋ ብቻ አይቀመጥም፣ አልጋ ለአልጋ የምንተኛ ሰዎች ነን እኮ። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በፈረንጆቹ 1945 ኖቤሉን ሲቀበል ይሄንኑ ተናግሯል፣ ማንም ከሱቅ የሚገዛበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ አላዋቂው መጠኑን አሳንሶ እየወሰደ ጀርሙን ሊያለማምደው ይችላል ብሎ። በፈረንጆቹ 2019 መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት በአለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ፍሌሚንግ የፈራው ሱቅ እኛ ግቢ በር ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ባነር የተሰቀለበት፣ ሻይና ብስኩት ያለበት ስልጠና አትላኩልን፣ ወላሂ ጠግበናል። የምግብና መድኃኒት አዋጁ 1112/2011 ነው፣ አዲስ ህግ አንጠይቅም፣ ያለ ማዘዣ የማይሸጠው ያለ ማዘዣ አይሸጥ። ግን ባንኮኒውን ብቻ ዘግታችሁ ብትሄዱ ደግሞ እኛ ሜዳ ላይ ነው የምንቀረው፣ የእውነት ባክቴሪያ የያዘው ልጅ የት ይሂድ? የተማሪ ክሊኒኮች ማታም የሚያይ ሰው ይኑራቸው፣ የታዘዘው ሙሉው እዛው ይሰጠን፣ ፓኬቱ ላይም "3x1" (በቀን ሶስት ጊዜ አንድ አንድ ፍሬ ለማለት) ብቻ ተፅፎ ከሚሰጠን በየ8 ሰአቱ ከሆነ በየ8 ሰአቱ፣ ስንት ቀን እንደሆነም በአማርኛ ይፃፍልን። እኔ ሶስት ጊዜ ማለት ከቁርስ ከምሳ ከእራት በኋላ ይመስለኝ ነበር፣ ማታ እስከ ጠዋት ስንት ሰአት እንደሆነ አስቡት።

ይሄን ሁሉ ያጋነንኩ ከመሰላችሁ መታወቂያችሁን ኪሳችሁ አድርጋችሁ አንድ ቀን ወደ ደሴ ብቅ በሉ፣ ጃኬት ደርባችሁ ትንሽ ሳል በሉና "አሞክሳሲሊን ነበር" በሉ። ስንት ፍሬ እንደምትፈልጉ ብቻ ቀድማችሁ ወስኑ፣ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።