ቃሉ ከተፈጸመ በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ቀለል ብሎላታል፤ አንቺ አታስቢ ብላለች።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ያሰፈርሽው ነገር ግን ሦስት ሌሊት አላስተኛኝም። «ፖለቲከኛ ቃሉን አይጠብቅም፣ ባለሙያ የተነበየው አይደርስም፤ እንግዲህ የምርጫ ካርድም አልወስድ፣ ክርክርም አልሰማ» ብለሻል። ይህን ያለው ሌላ ሰው ቢሆን አልፈው ነበር። ኢኮኖሚክስ የምታጠና ልጄ ስትለው ግን አልችልም።

በመጀመሪያ፣ ፖለቲከኛ ሁሉ ቃሉን ያጥፋል የሚለው ሲቆጠር እውነት ሆኖ አልተገኘም። ተመራማሪዎች በ12 አገሮች፣ በ57 የምርጫ ዘመቻዎች የተገቡ ከ20,000 በላይ ቃሎችን አንድ በአንድ ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ብቻውን መንግሥት የመሠረተ ፓርቲ ከገባው ቃል የሚበዛውን፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆን በከፊል፣ ፈጽሟል፤ ሥልጣን ተጋርቶ የገዛው ያነሰ ፈጽሟል። በሰው ልብ የሚቀረው ግን የታጠፈው ነው። የአሜሪካው ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ እ.ኤ.አ. በ1988 አዲስ ግብር አይኖርም ብለው ማሉ፤ በ1990 ግብር እንዲጨመር ተስማሙ፤ በ1992 ተሸነፉ። ሌላው የፈጸሙት ሁሉ ተረስቶ ዛሬም የሚነሣባቸው ያ ቃል ነው። እርግጥ የተጠኑት አገሮች ሕዝቡ መንግሥትን በካርድ የሚያወርድባቸው ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም።

ይህን ስጽፍልሽ ፖለቲከኛ እመኚ ማለቴ አይደለም። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ወሎን የታጠፈ ቃል ጎድቷታል፤ የተፈጸመ ቃልም ጎድቷታል። ስለ ሁለተኛው የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

«መሬት ላራሹ» ተማሪዎች በ1957 አደባባይ ይዘውት የወጡ ጥያቄ ነበር። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 በአዋጅ መለሰው። ጭሰኛ የነበሩት አያትሽ ያን ቀን በደስታ ያለቀሱትን ለቅሶ አልረሳም፤ ያ አዋጅ ሰው አድርጎናል። ነገር ግን ይኸው መንግሥት ገበሬው እህሉን በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲሸጥ ኮታ ጣለ፤ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር የሚያልፈውን እህልም በኬላ ያዘ። ሴት አያትሽ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ማሽላ ይሸጡ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም። ኬላው ሲተከል ያሉት ግን ዛሬም በጆሮዬ አለ፦ «እንግዲህ ጎጃም ቢጠግብ ለእኛ ምን ሊደርሰን ነው?»

ከዚያ 1977 መጣ፤ ሰፈራውም አብሮ መጣ። ዕቅዱ 1.5 ሚሊዮን ሰው ለማንሣት ነበር፤ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ተጓዘ። ለአጎቴ አንድ ካድሬ ለም መሬት፣ ትራክተርና የተሠራ ቤት ቃል ገባለት። ፓዌ ሲደርስ መሬቱ ለም ነበር። ትራክተሩም መጣ። ቤቱን ራሱ ሠራው። ስለ ወባ ግን ማንም አልነገረውም፤ የደጋ ሰው ነውና ሁለት ልጆቹን እዚያው ቀበረ። በተመራማሪዎቹ ሰንጠረዥ ቢገባ ከሦስቱ ቃል ሁለቱ ተፈጽሟል ይባላል፤ ሰንጠረዡም አልዋሸም።

ስለዚህ ልጄ፣ ቃሉን ይፈጽመዋል ወይ የሚለውን ከፈጸመውስ ምን ይከተላል ከሚለው ለይተሽ ያዢ። ተስፋ ያስቆረጠሽ ሁለቱን ስላደባለቅሻቸው ይመስለኛል።

ለሁለተኛው ጥያቄ ማንን እንሰማለን? ፊሊፕ ቴትሎክ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር የ284 ባለሙያዎችን ትንቢት ለ20 ዓመታት ያህል መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን አወጡ። አብዛኛው ባለሙያ እንዲያው በዘፈቀደ ከመገመት ብዙ የተሻለ አልሆነም፤ ዝናቸው የገነነው ደግሞ ባሱ። የተሻሉት በአንድ ታላቅ ሐሳብ ሁሉን ነገር የማይፈቱ፣ ከየማሳው ጥቂት ጥቂት የሚቃርሙ፣ እሳሳት ይሆናል የሚሉ ነበሩ።

ይህን ሳነብ ሴት አያትሽን አሰብኩ። እሳቸው በየሰኞው አንድ ፍየል ስንት ቁና ማሽላ እንደሚያመጣ ይቆጥሩ ነበር። ሰው ሁሉ ከብቱን አውጥቶ ፍየል ሲረክስ፣ ማሽላ ደግሞ ሲወደድ፣ ክፉ ዘመን እንደመጣ ያውቃሉ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽንም ይህንኑ የዝናብና የገበያ ምልክት በሰፊው ሰብስቦ በመጋቢት 1976 ረሃቡ እየመጣ መሆኑን አስታውቋል። ቤተ መንግሥቱ ግን ለመስከረሙ የአብዮት 10ኛ ዓመት በዓል እየተዘጋጀ ነበር። ትንቢቱ ትክክል ነበር፤ የሚያዳምጠውን ባለሥልጣን አጣ እንጂ።

በኔዘርላንድስ ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፓርቲዎች የምርጫ ፕሮግራማቸውን ወደው ለማዕከላዊ ፕላን ቢሮ ያስረክባሉ። ቢሮው በ1945 ሲቋቋም የመጀመሪያው መሪ ያን ቲንበርገን ነበሩ፤ ኋላ በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። በጀቱ፣ ሥራ አጥነቱ፣ የቤተሰብ ገቢው ምን እንደሚሆን ተሰልቶ ከድምፅ መስጫው በፊት ይታተማል። ስሌቱ ይሳሳት ይሆናል፤ ግን ተጽፏልና ስሕተቱ ይገኛል። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ለእኛም እንዲኖረን ከልቤ እመኛለሁ፤ አንቺም የምትሠሪበት ቢሆን።

እስከዚያው ግን የምትጠይቂው አታጪም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር ባቡር ቃል ሲገባልን ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ማን ነው፣ መቼ ነው ያለ ሰው በአዳራሹ አልነበረም። እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘረጋ፤ ኃይል ጠፍቶ ዓመታት ቆመ፤ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደረሰበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ምን እንደሚከተል አምስት ነገር ገምቼ፣ ዋጋና ቀን ቆርጬ በደብተር ጻፍኩ። ሁለቱ ደረሱ፤ ሦስቱ አልደረሱም። የሳትኩት ለምን እንደሆነ እስካሁን እያብሰለሰልኩ ነው፤ አንዱ ስለ ማሽላ ነውና ያንገበግበኛል። ለመውሊድ ስትመጪ አብረን እናየዋለን። አንቺም ከአሁኑ ጀምረሽ የራስሽን ጻፊና ይዘሽ ነይ።

ካርዱን ግን ሳትወስጂ እንዳትቀሪ። አብሽሪ ልጄ።

አባትሽ
ከሐይቅ