ህንድ ምግብ ቤት አትሂዱ ላላችሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ ሰዎች በጤና ገጻችሁ ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። ብዙው ደህና ነው። ስለ ህንድ ምግብ ቤት የጻፋችኋት አንዲት አንቀጽ ግን አልዋጥልኝ አለች። በአጭሩ «ባትሄዱ ይመረጣል፤ ከሄዳችሁም ስጋውን ትታችሁ የአትክልቱን እዘዙ» ነው የምትለው። የፊተኛው ምክር ምግቡን ያለ ጥፋቱ ይኮንነዋል። የኋለኛው ደግሞ እኔኑ ጉድ የሠራኝ ምክር ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የራሴን ላውራ። ሐኪሜ «ክብደት ቀንሺ» ካለኝ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ህንድ ቤት ስንሄድ ስጋ የሚባል ነገር አላዝዝም ብዬ ወሰንኩ። የማዝዘው ሁልጊዜ አንድ ነው። ፓላክ ፓኒር የሚሉት የስፒናች ወጥ፣ ዳል ማካኒ የሚሉት የጥራጥሬ ወጥ፣ አንድ ናን የሚባል ዳቦ። እነሱ በምድጃ የተጠበሰ ታንዱሪ ዶሮ ሲግጡ እኔ ስፒናቼን ይዤ በሆዴ እኮራለሁ። ወራት አለፉ። ሚዛኑ ወደ ታች ንቅንቅ አላለም፣ እንዲያውም ጨመረ። ተናድጄ ምን እየበላሁ እንደሆነ አንድ በአንድ ማየት ስጀምር ነው የነቃሁት።

ፓኒር አይብ ነው፣ በቃ። 100 ግራሙ 300 ካሎሪ አካባቢ አለው፤ ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት ግን በስሎ 100 ግራሙ 165 ገደማ ነው። ዳል ማካኒ ደግሞ ኡራድ የሚባል ጥቁር ጥራጥሬና ቀይ ቦሎቄ ከቅቤና ከክሬም ጋር ለሰዓታት የሚንተከተክበት ምግብ ነው። «ማካን» በሂንዲ ቅቤ ማለት ነው። ስሙ ላይ ተጽፎ ነበር እኮ! ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው ስቡ ላይ ነው። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይይዛል፤ 1 ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት ግን 4 ብቻ። ጊ የሚሉት ንጥር ቅቤ አንዲት የሾርባ ማንኪያው 120 ካሎሪ ገደማ ነው። አሁን ማብሰያ ቤቱን አስቡት። ህንዶች ማሳላው፣ ማለትም የሽንኩርቱና የቅመሙ ቁሌት፣ መብሰሉን ከሚያውቁባቸው ምልክቶች አንዱ ዘይቱ ተለይቶ ዳር ዳሩን ብቅ ማለቱ ነው፤ ዘይቱ ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ መጀመሪያ በደንብ መግባት አለበት። ቤቷ የምታበስል ሴት በሁለት ማንኪያ ትገላገላለች፣ የምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ግን ደንበኛው ነገም እንዲመለስ ስለሚፈልግ እጁ ይዘረጋል። ከዚያ ክሬሙ አለ። ተፈጭቶ ሶሱን የሚያወፍረው የካሹ ለውዝ አለ። የኮኮናት ወተት አለ። መጨረሻ ላይ ታድካ ይመጣል፤ ከሙኑና ነጭ ሽንኩርቱ በጋለ ጊ ተቁላልቶ ትኩሱን ምስሩ ላይ የሚደፋው ማለት ነው። ሽታው ያሳብዳል። አልዋሽም፣ እኔም ነፍሴ ነው።

ስለዚህ ሰው ማወቅ ያለበት ስጋ ይሁን አትክልት ሳይሆን እንዴት እንደተሠራ ነው። ደግነቱ ሜኑው ራሱ ይናገራል። ማካኒ ካለ ቅቤ። ማላይ ካለ ክሬም። ሻሂ ማለት ንጉሣዊ ነው፣ ማብሰያ ቤት ሲገባ ግን ትርጉሙ ብዙውን ጊዜ «ክሬምና ለውዝ አልተሰሰተም» ነው። ፓኮራ፣ ባጂ፣ ቫዳና ሳሞሳ ዘይት ውስጥ ሰምጠው የሚጠበሱ ናቸው። ኮርማ ሲባል ለእኛ ጆሮ በሬ ነው የሚመጣብን፤ እዚያ በእርጎ፣ በለውዝና በክሬም የወፈረ ለስላሳ ወጥ ነው፣ የካሎሪው ጉልበት ግን ከኛው ኮርማ ብዙም አያንስም።

በጣም የሚያሳስተው ቲካ ነው። ቲካ ማለት ተቆራርጦ ታንዱር በሚባል ምድጃ የተጠበሰ ነገር ነው፣ ቀላል ነው፣ ብሉት። ቲካ ማሳላ ግን ያው ዶሮ ተመልሶ በቲማቲምና በክሬም ሶስ ውስጥ የገባ ነው። ልዩነቱ አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ ሳህኑ ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ምግብ ነው።

ታንዱሩን ትንሽ ላድንቅ። ከሸክላ የሚሠራ፣ በከሰል የሚግል ምድጃ ነው፤ ሙቀቱ እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ዶሮው ቆዳው ተገፎ በእርጎ፣ በሎሚ፣ በዝንጅብልና በቅመም ታሽቶ ያድርና በረጅም ብረት ተሰክቶ ይገባል። ስቡ ወደ ከሰሉ ይንጠባጠባል። ደረቅ ሆኖ ሳይሆን ረጥቦ የሚወጣውም ሙቀቱ ኃይለኛ ስለሆነ ቶሎ ስለሚበስል ነው። ዓሣና ሽሪምፕም እንደዚሁ ይሠራል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ማላይ ቲካ የሚባለው ከታንዱር ቢወጣም የታሸው በክሬም ነው። ደግሞ አንዳንድ ቤት ከምድጃው ሲወጣ ቅቤ ይቀቡታል፤ «አትቀቡልኝ» ማለት ይቻላል፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ወጥ ካማራችሁም ሞልቷል። በቲማቲምና በሽንኩርት የሚሠሩትን ፈልጉ። ጃልፍሬዚ ቃሪያውና ሽንኩርቱ በኃይለኛ እሳት ቶሎ የሚገላበጥበት ነው። ቻና ማሳላ ሽምብራ ነው፣ ዳል ታድካ ምስር ነው፤ ሁለቱም ፕሮቲንና ፋይበር ስላላቸው ቶሎ ያጠግባሉ፣ ታድካውን ቀነስ አድርጉልኝ ካላችሁ ደግሞ ከዳል ማካኒ ጋር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ቪንዳሉ የጎዋ ምግብ ነው፣ መነሻው ፖርቱጋሎች ይዘውት የመጡት በወይን ጠጅና በነጭ ሽንኩርት የሚዘፈዘፍ ስጋ ነው፣ ጎዋ ላይ ኮምጣጤና በርበሬ ገባበት። ክሬም የለውም። ያቃጥላል፣ ግን ማቃጠልና ማወፈር አይገናኙም! ይህን የምለው «ህንድ ምግብ ቅመሙ ያወፍራል» የሚሉ ሰዎች ስለገጠሙኝ ነው። ከሙን፣ እርድና ድንብላል ማንንም አላወፈሩም።

ስለ ማቃጠል ካነሳን አይቀር፣ አፍ ሲነድ አብዛኞቻችን ናኑን ነው የምናነሳው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ አንድ ናን በዚህ መንገድ ሳይታወቀኝ ያልቃል። በርበሬ ውስጥ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ ስለዚህ ውሃም ዋጋ የለውም። ራይታ እዘዙ። ኪያርና ናና የገባበት እርጎ ነው፣ እሳቱንም ያበርዳል፣ ካሎሪውም ትንሽ ነው።

ናኑ ራሱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። በፍርኖ ዱቄት የሚጋገር፣ ሲወጣ ቅቤ የሚቀባ ትልቅ ዳቦ ነው፤ አንዱ ሙሉ ናን ብዙ ጊዜ 300 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ አይብ ወይም ለውዝ ከተሞላ ያልፋል። ሮቲ ወይም ቻፓቲ ከሙሉ ስንዴ ዱቄት ያለ ቅቤ የሚጋገር ስስ ቂጣ ሲሆን አንዱ 100 እና 120 ካሎሪ መካከል ነው። ፓራታ ግን የሮቲ ዘመድ መስሎ ይሸውዳችኋል፣ በንብርብሩ መሃል ሁሉ ጊ አለ። ፑሪና ባቱራ ደግሞ ጭራሽ ዘይት ውስጥ የሚነፉ ናቸው። ሩዙም ያው ነው። በውሃ የተቀቀለው አንድ ስኒ ሙሉ 200 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ፑላውና ቢርያኒ ላይ ቅቤና የተጠበሰ ሽንኩርት ስለሚጨመር ይከብዳሉ። ደግሞ ለምንድን ነው ሩዝም ናንም አንድ ላይ የምናዝዘው? ከሁለት አንዱን ምረጡ። እኔ ሳህኔ ላይ ቂጣና ሩዝ አብረው ተቀምጠው ሳይ ያለፈው ጊዜዬ ትዝ ይለኛል።

የደቡብ ህንድ ምግብ የሚሠሩ ቤቶች ካገኛችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። ኢድሊ ሩዝና ኡራድ ተፈጭቶ፣ ቦክቶ፣ በእንፋሎት የሚበስል ነጭ ለስላሳ ነገር ነው፤ ዘይት የሚባል አይገባበትም። አብሮት የሚመጣው ሳምባር የምስርና የአትክልት ወጥ ነው፣ ታማሪንድ በሚባል ፍሬ ኮምጠጥ ይላል። ራሳም ደግሞ ቀጭን ሾርባ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ብትጠጡት ረሃቡን ያስታግሳል።

መጠጥና ጣፋጭ ላይ ብዙ አላወራም። ማንጎ ላሲ የሚሉት የእርጎ መጠጥ ስኳር ነው። ጉላብ ጃሙን ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ የሚነከር ነው፣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። አሬራ የመሰለ ቻስ የሚባል ቀጭን መጠጥ ካላቸው እሱን ጠይቁ።

አስተናጋጅ ማናገር ነው እንግዲህ የቀረው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምናፍረው። እኔ መጀመሪያ ቀን «ይሄ ክሬም አለው?» ብዬ ስጠይቅ ድምፄ እንኳ አልወጣም ነበር። ልጁ ሳቅ አለና ያለውንም የሌለውንም ሜኑው ላይ በጣቱ እያሳየ ነገረኝ። አሁን ሳልፈራ እጠይቃለሁ። ዘይቱን ቀንሱልኝ፣ ፓፓድ የሚሉት ስስ ቂጣ በዘይት ሳይሆን በእሳት ይጠበስልኝ፣ ሶሱን ለብቻው አምጡልኝ። ሶሱ ለብቻው ሲመጣ ቁርጡን በሹካ ነካ እያደረጉ መብላት ይቻላል፣ ጣዕሙ ይደርሳል፣ አብዛኛው ሶስ ግን ሳህኑ ላይ ይቀራል። አንዳንዴ እንቢ ይላሉ፤ ሶሱ ጠዋት ተሠርቶ የተቀመጠ ከሆነ ክሬሙን ማውጣት አይቻልማ። እሺ ብዬ ሌላ አዝዛለሁ።

እና አዘጋጆች፣ ያቺን አንቀጽ ብታርሟት ደስ ይለኛል። ቢያንስ «የአትክልቱን እዘዙ» የምትለዋን አውጡልን፣ ስንቱ እንደኔ ፓኒሩን ይዞ እየኮራ ይሆናል። ከጓደኞቼ ጋር አሁንም ህንድ ቤት እንሄዳለን። ታንዱሪ ዶሮ፣ ሮቲና ራይታ ነው የእኔ። ሳሞሳውን ግን ልተወው አልቻልኩም፤ አንዱን ለሁለት እንካፈላለን፣ ትልቁ ግማሽ የማን ነው በሚለው ግን እስካሁን አልተስማማንም።

የዘወትር አንባቢያችሁ