የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር ትንሽ የታይፕና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ከጣራው ላይ ደግሞ የማያርፍ ፋን። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አዘጋጃለሁ፣ የፈተና ወረቀት አባዛለሁ። የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። ግን የሠፈሬ ተማሪ በኦንላይን ተምሮ ያገኘውን ሰርተፍኬት በከለር የሚያሳትመው እኔ ጋ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ፤ ልጁ ሰርተፍኬት አለው፣ ኮምፒውተር የሚነካበት ቦታ ግን የለውም። ዝም ብዬ እንዳልፈው ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም።

ሰርተፍኬት የሚያሳትም የበዛው አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው ሥልጠና ከመጣ ወዲህ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ማለቴ ነው። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የሚሰጥ ነው። በነጻ ነው። ፕሮግራሚንግ አለ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት አለ፣ ዳታ ሳይንስ አለ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስም አለ። ከፍሎ ኮሌጅ መማር ለማይችል የድሬ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስንቱን ወላጅ በደስታ አልቅሶ ወረቀቱን ላሚኔት ሲያስደርግ አይቻለሁ። በኔትወርክም ቢሆን ድሬ ወደኋላ የቀረች አይደለችም። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ አገልግሎት የሰጠው እዚህ ነው። ልጆቹም ሰነፎች አይደሉም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ኅዳር ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ሰርተፍኬቱን ሊያሳትም መጣ። ሁሌ በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔ አትማለሁ። የዚያን ቀን ግን እጄ ሥራ ይዞ ነበር። "አቦ አንተ ራስህ ቁጭ በልና ዳውንሎድ አድርገው፣ ፍላሽህም ላይ አስቀምጠው" አልኩት። ተቀመጠ። ማውሱን ከጠረጴዛው አንስቶ አየር ላይ አንቀሳቀሰው። ቀስቱ አልሄደለትም። "ጠረጴዛው ላይ አድርገህ ጎትተው" አልኩት። ዳውንሎድ አደረገ። ከዚያ ዞር ብሎ "አሁን የት ገባ?" አለኝ። ፎልደር ምን እንደሆነ አያውቅም። ኪቦርዱ ላይ ስሙን ለመጻፍ በአንድ ጣት እየፈለገ ብዙ ቆየ።

ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። ሥልጠናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተማረው በስልክ ነው። በእናቱ ስልክ፣ ማታ ማታ። ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም።

"እሺ ሉፕ ምንድን ነው?" አልኩት። ልፈትነው ብዬ አይደለም፣ እኔም በደንብ ስለማላውቀው ነው። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "ባጃጅ ከታይዋን ገበያ ሳቢያን ይመላለሳል። በየዙሩ ነዳጅ አለ ወይ ብሎ ያያል። ካለ ይሄዳል። ካለቀ ይቆማል።" ለካ ሉፕ ትእዛዝን እየደጋገሙ ማሠራት ነው። እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አስተማሪ ከየት ይመጣል? ትምህርቱ ገብቶታል። እጁ ግን ምንም አልተማረም።

ወረቀቱን ሰጥቼው ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጥፋተኛ ሳይሆን አፈረ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ነው፣ በሳተላይት የሚሠራጨው ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከገባ ብዙም ሳይቆይ። የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ልንገራቸው። አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ክፍሉ ፊት ለፊት ይቀመጣል። አስተማሪዋ ከስክሪኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትፈጥናለች። "ሁለት ደቂቃ ሰጥቻችኋለሁ፣ ሥሩ" ትላለች። ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት አለፈ፣ ተመልሶ አይመጣም። የክፍላችን መምህር ዳር ቆሞ አብሮን ያያል። ፊዚክስ የሚያውቅ ጎበዝ ሰው ነበር። ሊያስረዳን ሲሞክር ስክሪኑ ቀድሞት ይሄዳል። የጠፋብን ነገር ነበር፣ የሚጠየቅ ሰው ግን አልነበረም። ስክሪኑ አይሰማም።

የዛሬው ኦንላይን ከዚያ በብዙ ይሻላል። ታቆመዋለህ፣ ትመልሰዋለህ፣ መብራት ሲመጣ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቴሌግራም የሚላከውን ወረቀት ለወላጅ ሁሉ ሳትም የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ጥቅሙን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ዛሬም ቢሆን ስክሪኑ የልጁን እጅ አያይም። ማውሱን አየር ላይ እንዳነሳው አያውቅም። ይህን የሚያየው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ ልጅ በኋላ አንድ ነገር ወሰንኩ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ11 ሰዓት እስከ መግሪብ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ለሠፈር ልጆች ለቀቅኩ። በነጻ። በዚያ ሰዓት ሙቀቱም በረድ ይላል፣ ገበያውም ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ አራት ሆነው መጡ። አሁን ወረፋ ይይዛሉ።

ለትንንሾቹ ስክራች የሚባለውን ጫንኩላቸው። ከአሜሪካው ኤም አይ ቲ የወጣ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ቋንቋውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። ትእዛዞቹን እንደ ጡብ እየቀጣጠሉ አንዲትን ድመት ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ድመቷን አራት ማዕዘን አስሳላት። ሂጂ፣ 90 ዲግሪ ዙሪ፣ ይህን 4 ጊዜ ድገሚ። አጠገቡ የሳምቡሳ ሻጯ ልጅ ነበረች፣ 7ኛ ክፍል ናት። "ክብስ?" አለች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም አላወቅኩም። ደብተሯን አውጥታ 4 ጊዜ 90፣ 360 ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ "36 ጊዜ ድገሚ፣ በየጊዜው 10 ዲግሪ ዙሪ" ብላ ቀየረችው። እርምጃውንም አሳጠረችው። ድመቷ ዞራ ዞራ ክብ ስትዘጋ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ደንበኛ ሁሉ ዞሮ አየ። ይህቺ ልጅ እንዲህ ስትል ማንም አላስተማራትም። ኪቦርድና አጠገቧ የሚቀመጥ ጓደኛ ብቻ ነው ያገኘችው።

ሌላም ነገር አለ። ኦንላይን ያለው ትምህርት አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። እኔ ቤት አንዱ በኦሮምኛ ይጠይቃል፣ ሌላዋ በሶማልኛ ትመልሳለች፣ ሦስተኛው በአማርኛ ይከራከራል። "ቫሪያብል"ን ለአንዱ ሕፃን ያስረዱት ስም የተጻፈበት ጣሳ ነው ብለው ነው። ስሙ አይለወጥም፣ ውስጡ ያለው ስኳር ግን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ልጁ ወዲያው ገባው።

የኔ ቤት ግን ትንሽ ናት። ኮምፒውተሮቼም ያረጁ ናቸው። የሳምቡሳ ሻጯ ታላቅ ልጅ፣ የክቧ ልጅ እህት፣ የአንድሮይድ ትምህርቱን ጀምራለች። ቪዲዮውን በእናቷ ስልክ ታየዋለች። መተግበሪያውን የሚሠሩበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ግን ስልክ ላይ አይጫንም። ኮምፒውተሩ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም፣ ማለትም የሥራ ማስታወሻ፣ ይፈልጋል። የኔዎቹ 4 ጊጋ ናቸው። ሞከርነው። የኮምፒውተሩ ፋን እየጮኸ ቆየና ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። እሷም ተነስታ "ምንም አይደል" ብላኝ ሄደች። ያቺ "ምንም አይደል" ሌሊቱን አላስተኛችኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ከአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ፕሪንተር ተበላሽቶብናል ብለው ጠሩኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ፕሪንተሩ ያለው ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት የታፈነ አየር ወጣ። ኮምፒውተሮቹ በመደዳ በጨርቅ ተሸፍነዋል። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አንዱን አየሁት። ከፊቱ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። የተለጠፈበትን ጽሑፍ አነበብኩ። 8 ጊጋ ራም።

"ለምን አይከፈትም?" አልኩ። የንብረት ክፍል ሠራተኛው ሳይደብቅ ነገረኝ። ኮምፒውተሮቹን በሞዴል 22፣ በንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ ፈርሞ የወሰደው አንድ መምህር ነው። አንድ ቻርጀር ቢጠፋ፣ አንድ ስክሪን ቢሰበር፣ የሚጠየቀው እሱ ነው። የመምህር ደመወዝ ደግሞ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በክፍለ ጊዜው ብቻ ይከፍታል፣ እሱንም እየፈራ፣ ከዚያ ይቆልፋል። ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ዝግ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝግ ነው። መምህሩን አልወቅሰውም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እቆልፋለሁ።

የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ብዙ ሰው ሲያወራ የምሰማው ስለ ኢንተርኔት ዋጋና ስለ ኮምፒውተር እጥረት ነው። ልክ ነው፣ እጥረት አለ። ግን እዚህ ሠፈር ያለው ኮምፒውተር የተቆለፈው በአንድ ፊርማ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ለከተማችን ትምህርት ቢሮና ለወላጅ ኮሚቴዎች የምለው ይህ ነው። ኃላፊነቱን ከአንድ መምህር ትከሻ ላይ አውርዱት። ርእሰ መምህሩ፣ የወላጅ ኮሚቴውና መምህሩ አብረው ይፈርሙ። በአግባቡ ሲሠራበት የተበላሸ ዕቃ ከማንም ደመወዝ እንደማይቆረጥ በጽሑፍ ይነገራቸው። ከዚያ ክፍሉ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይከፈት። ለሚያመሽ መምህር የትርፍ ሰዓት ይታሰብለት። እሱ ካልቻለ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ የኮምፒውተር ተማሪ በፈቃደኝነት ይቀመጥ። ልጆቹ ቪዲዮውን በስልክ ያዩት ከሆነ እዚያ መጥተው በእጃቸው ይሥሩት።

ኢንተርኔት የለም የሚል ካለ መላ አለው። ኮሊብሪ የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ትምህርቶቹ አንዴ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተጫኑ የቀሩት ኮምፒውተሮችና ስልኮች ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ከዚያ ላይ ያነባሉ። መጫኑን እኔ በነጻ መጥቼ እሠራለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ሲሰጥ አይተናል። ፈተናው ሲቃረብ ማውስ መያዝ ብቻ ሊለማመዱ እኔ ጋ የመጡ ልጆች ነበሩ። ሥራውም ቢሆን አጠገባችን ነው። ነጻ የንግድ ቀጠናው ነሐሴ 2014 ተመርቋል። አንድ ትራንዚተር ደንበኛዬ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚሠራለት፣ ኤክሴል የሚያውቅ ልጅ ፈልጊልኝ ካለኝ ወራት አልፈዋል። በየቀኑ ሰርተፍኬት አትማለሁ፣ ግን እስካሁን አንድም ልጅ አልላክሁለትም።

የክቧ ልጅ እህት ትናንት ማታ መጥታ ነበር። የአንድሮይድ ቪዲዮዎቹን ግማሽ ደርሳለች። ኮዱን በስኩዌር ደብተር ላይ በእስክሪብቶ እየጻፈች ነው፣ መስመር በመስመር፣ ቅንፎቹን ሁሉ ጠብቃ። "ኮምፒውተር ሳገኝ እገለብጠዋለሁ" አለችኝ። ደብተሩ ሊያልቅ ሦስት ገጽ ቀርቶታል። ያ የተቆለፈ ኮምፒውተር ክፍል ከቤታቸው መንገድ ተሻግሮ ነው።

አክባሪያችሁ
የታይፕና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ