የጋዝ ማመንጫ ሒሳብ ከጉድጓዱ ይጀምር

ለክቡር አዘጋጅ፣

የተፈጥሮ ጋዝን አስመልክቶ በጋዜጣዎ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ጋዝ ከድንጋይ ከሰል በግማሽ ያነሰ ካርቦን እንደሚለቅ፣ ፀሐይና ነፋስ በሚጠፉበት ሰዓትም የኤሌክትሪክ መረቡን ከመውደቅ እንደሚታደግ አስረድተዋል። ሁለቱም አባባሎች መሠረት አላቸው፤ ነገር ግን ቆጠራው የተጀመረው ከማመንጫው በር ነው፣ ጋዙ ከመሬት ከሚወጣበት ጉድጓድ አይደለም።

በድንጋይ ከሰል የሚመነጭ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 1 ኪሎ ግራም፣ በዘመናዊ የጋዝ ማመንጫ የሚመነጨው ደግሞ 400 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ይህ አኃዝ ግን የተርባይኑን ትኩስ ጭስ እንደገና ተጠቅሞ በእንፋሎት ሁለተኛ ተርባይን የሚያዞረው፣ ብቃቱም ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ማመንጫ ያለማቋረጥ ሲሠራ የሚገኝ ነው። ኃይል በድንገት ሲጎድል በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥቶ ክፍተቱን የሚሞላው በአብዛኛው ነጠላው ተርባይን ሲሆን፣ ብቃቱ 40 በመቶ ቢደርስ ነው። ስለዚህ ለአንድ ማሽን የተሰጠው ውዳሴ በእርግጥ የሁለት ማሽኖች ነው። በዚህ ላይ ከጉድጓድ፣ ከመጭመቂያ ጣቢያና ከቧንቧ መጋጠሚያ ሳይቃጠል የሚያመልጠው፣ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን አለ፤ በ20 ዓመት ስሌት ሙቀት የማመቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ በመሆኑ፣ ከሚመረተው ጋዝ 3 በመቶ ያህሉ ቢያመልጥ በከሰል ላይ ያለው ብልጫ በዚሁ ስሌት ይጠፋል።

አስተማማኝነቱም እንዲሁ ነው። ከሰል በማመንጫው ግቢ ለሳምንታት ሊከመር ይችላል፤ ጋዝ ግን በአብዛኛው የሚደርሰው በሚፈለግበት ሰዓት በቧንቧ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በአሜሪካዋ የቴክሳስ ግዛት ቅዝቃዜው በርትቶ ጉድጓዶችና ማጣሪያዎች በረዶ ሲይዛቸው የቧንቧው ግፊት ወረደ፤ ብዙ የጋዝ ማመንጫዎች፣ ገሚሶቹ ነዳጅ አጥተው፣ ገሚሶቹ የራሳቸው መሣሪያ በርዶባቸው ቆሙ። የመረቡ ተቆጣጣሪዎች ጭነት ለመቀነስ ኃይል ሲያቋርጡ ደግሞ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንዳንድ የጋዝ ተቋማት እንዳይቋረጥባቸው ስላልተመዘገቡ አብረው ጨለሙ፣ ጋዙም ይብስ አነሰ። 60 ሄርዝ መሆን የነበረበት የመረቡ ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) ወደ 59.3 ወርዶ፣ መረቡ ጨርሶ ሊወድቅ ደቂቃዎች ብቻ ቀርተውት ነበር። አንዳንድ የነፋስ ተርባይኖችና የከሰል ማመንጫዎችም በዚያ ሰሞን ቆመዋል፤ ትልቁ ጉድለት ግን የጋዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያው ግዛት ተመሳሳይ ቅዝቃዜ ደርሶ፣ መሣሪያዎቹ ብርድ እንዲቋቋሙ ተደርገው እንዲታደሱ የተሰጠው ምክር በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀርቶ እንደነበር ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ጋዝ ጨርሶ ይቅር የሚል አቋም የለኝም። ዛሬ በመረብ ላይ ያሉት ባትሪዎች በአብዛኛው ለጥቂት ሰዓታት እንጂ ነፋስ ለቀናት ሲጠፋ አይበቁም፤ ለእነዚያ ቀናት በተጠንቀቅ የሚቆም የጋዝ ማመንጫ ያስፈልጋል። ሆኖም ዝግጁ ሆኖ ለመቆየቱ ብቻ ክፍያ የሚቀበል ማመንጫ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ መጠባበቂያ ነዳጅ በግቢው ሊኖረው፣ ጋዝ የሚልኩለት መጭመቂያዎችም ከኃይል ማቋረጥ ነፃ ሆነው ሊመዘገቡ ይገባል። የሚቴን ፍሳሹም በግምት ሠንጠረዥ ሳይሆን በአውሮፕላንና በሳተላይት ተለክቶ በልቀት ሒሳቡ ይካተት። በሚፈለግበት ሰዓት ነዳጅ አልደረሰኝም ብሎ የቆመ ማመንጫ ደግሞ የተቀበለውን የዝግጁነት ክፍያ እንዲመልስ ውሉ ያስገድደው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ አንባቢ