ጸሎት ለተቋረጠበት ወዳጄ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳንጻጻፍ ብዙ ቆየን፤ የዘገየሁት እኔ ነኝና ሰበብ አልደረድርም። “ጸሎት ከተውኩ ሰነበትኩ፣ ከየት ልጀምር?” ላልከኝ ግን መልሱን አላሳድርብህም።

ካቆምክበት አትጀምር። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ሙሉ መቁጠሪያ፣ የዕለት ንባብ፣ የማለዳ ቅዳሴ፣ ሁሉንም በአንድ ሰኞ ይጀምርና ሐሙስ ላይ ይዝላል። ዓርብ ያመለጠውን ለማካካስ እጥፍ ሊደግም ያስባል፤ ቅዳሜ ጭራሹን ይተወዋል። ያለፈው ቀን ብድር አይደለም፣ አይከፈልም።

የእኛ የካቶሊኮች መቁጠሪያ በየዕለቱ 5 ምሥጢራት አሉት፤ ምሥጢር ማለት እየደገምን የምናስበው የጌታና የእመቤታችን የሕይወት ክንውን ነው። ከ5ቱ አንዱን ብቻ ያዝ፦ 1 አባታችን ሆይ፣ 10 ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ፣ 1 ስብሐት ለአብ። ሳትጣደፍ 4 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር፣ ሐሙስ የብርሃን ምሥጢራት ናቸው። የድሮ የጸሎት መጽሐፍ ካለህ ሐሙስን የደስታ ይልሃል፤ የብርሃኑን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ የጨመሩት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለሆነ አትደናገር።

ማክሰኞ የጌቴሴማኒ ምሥጢር፣ ኢየሱስ ከመያዙ በፊት የጸለየው ጸሎት፣ ሲደርስህ ሁሉንም በሐሳቤ ልሳል አትበል። የተኙትን ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ብቻ ተመልከት፤ ኢየሱስ እየተመላለሰ ሲቀሰቅሳቸው። ሐሳብህ ገበያ ወጥቶ የመቁጠሪያው ሰባተኛ ፍሬ ላይ ብትነቃ ወደ መጀመሪያው አትመለስ፣ ከሰባተኛው ቀጥል። ፍሬው የተሠራው መቁጠሩን ለጣት ትተህ ልብህ ነጻ እንዲሆን ነው።

ማታ የኅሊና ምርመራ አድርግ። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ አካሄድ 5 ደረጃ አለው፦ ምስጋና፣ ብርሃን መለመን፣ ቀኑን በየሰዓቱ መከለስ፣ ይቅርታ፣ የነገ ውሳኔ። ብዙዎች ምስጋናውን ዘለው ወደ ሦስተኛው ይሮጡና ጸሎቱ ራስን መክሰሻ ይሆንባቸዋል። ደግሞ ተኝተህ አትሞክረው፤ እንቅልፍ ይቀድምሃል። 10 ደቂቃ ተቀምጠህ ይበቃል።

ጸሎቱ አንዳንዴ ጣዕም አጥቶ መድረቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ጸሎቱን አታሳጥር፤ ኢግናጢዮስ የሚመክረው ከወሰንከው ጥቂት ጨምረህ እንድትቆይና በጨለማ ሰዓት የቀድሞ ውሳኔህን እንዳትለውጥ ነው።

ኑዛዜውን የፈራኸው ይመስለኛል። መግቢያው ቢጠፋህ “ከተናዘዝኩ ይህን ያህል ጊዜ ሆነኝ፣ ሥርዓቱን ረስቻለሁ” በል፤ ካህኑ ይመራሃል። ከባድ ኃጢአት ዓይነቱና ቁጥሩ ይነገራል፤ ቁጥሩን በትክክል ካላወቅህ “በወር ሁለት ሦስቴ ያህል” ማለት ይበቃል። የረሳኸው ከሌላው ጋር ይሰረይልሃል፤ ከባድ ከሆነና ትዝ ካለህ በሚቀጥለው ትናገራለህ። ኑዛዜን የሚያበላሸው አውቆ መደበቅ ነው። ከባድ ኃጢአት ካለብህ ቁርባን ከኑዛዜው በኋላ ይሁን። ከመቁረብህ በፊት 1 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ትጾማለህ፤ ውኃና መድኃኒት አያፈርሰውም።

የመረጥከውን ሰዓት ጻፍልኝ። ያንኑ አንድ ምሥጢር በዚያው ሰዓት እኔም እደግማለሁ።

ወዳጅህ